ክርን በጉልበት አይዘረጋም

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ክርናቸው ተሰብሮ አዲስ አበባ ለሕክምና ከሚመጡት ጥቂት የማይባሉት አስቀድመው ወጌሻ ቤት ደርሰዋል። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ይታመናል፣ ክፍያውም አይከብድም። ልጇ ከዛፍ የወደቀባት እናት በምሽት ከሰበታ እስከ አለርት፣ ከቡራዩ እስከ ጳውሎስ ሆስፒታል መኪና ከመፈለግ እሱ ዘንድ ብትሮጥ አይፈረድባትም። አደጋው ማሰሪያው ላይ ነው።

በልጆች ክርን አካባቢ በብዛት የሚሰበረው ከክርን ከፍ ብሎ ያለው የክንድ አጥንት ነው። ዋናው የደም ሥርና ነርቮቹ እዚያው አጥንቱን ተጠግተው ያልፋሉ። በቀርከሃ ስንጥር ተጠፍሮ የታሰረ ክንድ ሲያብጥ መስፊያ ያጣል፤ ግፊቱ ደሙን ያግዳል፤ ጡንቻውም በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከጠበቀ ፋሻ በኋላ ጣቶች ተቆልምመው እንደሚቀሩ ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። በአገራችንም በወጌሻ እስር ምክንያት ጋንግሪን ይዟቸው እጃቸው የተቆረጠ ሕፃናት አሉ።

ምልክቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላ ሰው ቀስ አድርጎ ሲዘረጋቸው ልጁ ከጮኸ፣ ማሰሪያው ያኔውኑ ይፈታ፤ ልጁም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ለነገ አይባልም።

ሁለተኛው ጉዳት ዘግይቶ ይመጣል። ጀሶው ወልቆ ክርኑ አልዘረጋ ሲል ቤተሰብ ይደነግጣል፤ በቅቤ ማሸት፣ መጎተት ይጀመራል። በተጎዳ ክርን ላይ የሚያርፍ ጉልበት ግን ጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ሊያደርግና መገጣጠሚያውን ጭራሽ ሊቆልፈው ይችላል። ስለዚህ ጥሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አይጎትትም፤ ታካሚው በራሱ ጡንቻ፣ ሕመሙ በሚፈቅደው ልክ፣ በቀን ደጋግሞ እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ያሳየዋል። ልጅን ወደ ጨዋታው መመለስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል፤ ክርኑ በወራት ውስጥ ይለቃል። የአዋቂ ክርን ግን ቶሎ ይደርቃል። በቀዶ ሕክምና በብረት በደንብ ከተያዘ፣ ሐኪሙ እንደፈቀደ በቀናት ውስጥ መንቀሳቀስ አለበት፤ ሁለት ወር አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የከረመ እጅ ብዙ ያስለፋል።

ደግሞም ክርኑ እንደ ድሮው ባይዘረጋ ሕይወት አይቆምም። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካዊው ሐኪም የሞሬይ ጥናት እንዳሳየው፣ አብዛኛው የዕለት ሥራ ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ባለው እጥፋት ይከወናል፤ ጉርሻን አፍ ማድረስም ከዚሁ ውስጥ ነው።

ወጌሻውን ማሳደድ የትም አያደርስም፤ ሕዝቡ ነገም እሱ ዘንድ ይሄዳል። የሦስቱ አካባቢዎች ጤና ጣቢያዎች ወጌሻዎችን ጠርተው እነዚህን የጣት ምልክቶች ያሳዩአቸው፤ የክርን ስብራት የመጣበትም ወጌሻ ሳያስር፣ ሳያሽ፣ ተጎጂውን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይላክ።