ፔት ሲቲ በማይሎማ ሕክምና፦ ቁርጥ ያለ መልስ የማይሰጥ ሪፖርት

ማይሎማ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሆነው ጸረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ፕላዝማ ህዋሳት ከቁጥጥር ውጭ ሲራቡ የሚከሰት የደም ካንሰር ነው። አጥንት ሳያቋርጥ የሚፈርስና የሚታደስ አካል ሲሆን፣ ማይሎማ አፍራሾቹን ህዋሳት አነሣሥቶ ገንቢዎቹን ስለሚያዳክም በአከርካሪ፣ በጎድን፣ በዳሌና በራስ ቅል ላይ ሐኪሞች «ሊቲክ» የሚሏቸው፣ አጥንቱ ተበልቶ የጎደለባቸው ቦታዎች ይፈጠራሉ። የተለመደው ራጅ እነዚህን ቦታዎች የሚያሳየው ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው የአጥንቱ ማዕድን ከጠፋ በኋላ በመሆኑ፣ አቅሙ ባላቸው ሆስፒታሎች ስፍራውን ለሲቲ ስካን፣ ለኤምአርአይና ለፔት ሲቲ ለቋል። ከሦስቱ ብዙ የሚናገረው፣ ብዙ ጊዜም የታማሚውን የትዳር አጋር ግራ የሚያጋባ ሪፖርት የሚወጣበት ፔት ሲቲ ነው።

ፔት ሲቲ ታማሚውን በአንድ አልጋ ላይ አስተኝቶ ሁለት ዓይነት ምስል ያነሣል። የፔቱ ክፍል የሚሠራው በስኳር ነው፤ በደም ሥር የሚሰጠው ኤፍዲጂ የተባለ ንጥረ ነገር ፍሎሪን 18 የሚባል ጨረር አመንጪ አቶም የተያያዘበት የግሉኮስ ዓይነት ሲሆን፣ ህዋሳት እንደ ማንኛውም ስኳር ወደ ውስጥ ካስገቡት በኋላ ሊያቃጥሉት ስለማይችሉ እዚያው ተይዞ ይቀራል። ከፍሎሪን 18 የሚወጣው ፖዚትሮን አጠገቡ ካለ ኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፉና በተቃራኒ አቅጣጫ የሚወነጨፉ ሁለት ጨረሮች ይፈጠራሉ፤ በቀለበት መልክ የተደረደሩት መቀበያዎች ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ሲይዙ ኮምፒዩተሩ መነሻቸውን አስልቶ በምስሉ ላይ ያበራዋል። ኤፍዲጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በ1976 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ፔትንና ሲቲን በአንድ መሣሪያ ያጣመሩት ዴቪድ ታውንሴንድና ሮናልድ ነት ናቸው። የፍሎሪን 18 መጠን በየ110 ደቂቃው ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ንጥረ ነገሩን አከማችቶ ማቆየት አይቻልም፤ ምርመራው ውድ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ሪፖርቱን ለመረዳት የሁለቱን ምስሎች ሥራ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ሲቲው ምድጃውን ያሳያል፣ ፔቱ ደግሞ በምድጃው ውስጥ እሳት መኖር አለመኖሩን። ሁለቱ ሲስማሙ፣ ማለትም የተበላው ቦታ ሲበራ ወይም ጤነኛ መልክ ያለው አጥንት ጨለማ ሆኖ ሲቀር፣ ሪፖርቱ አጭርና ግልጽ ይሆናል። ግራ መጋባት የሚመጣው ሲለያዩ ነው። የተበላ ሆኖ የማይበራ አጥንት አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ጠባሳ ነው፤ መድኃኒቱ የካንሰር ህዋሳቱን ካጠፋ በኋላም ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ስለማይሞላ ለዓመታት በሲቲ ላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ «በርካታ ሊቲክ ቦታዎች አሁንም ይታያሉ» የሚለው አረፍተ ነገር፣ የሚያስደነግጥ ቢመስልም፣ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። የሚበራ ነገር ግን ያልተበላ አጥንት በተቃራኒው ገና የጀመረ በሽታ ወይም ከማይሎማ ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የዓለም አቀፉ የማይሎማ ጥናት ቡድን የ2014 እ.ኤ.አ. መስፈርትም የፔቱ ብርሃን ብቻውን የአጥንት ጉዳት ማስረጃ ሆኖ እንዳይቆጠር፣ ከሥሩ በሲቲ የሚታይ መበላት እንዲኖር ይጠይቃል።

ብርሃኑ ብቻውን የማይታመነው ስኳር የሚበሉት የካንሰር ህዋሳት ብቻ ስላልሆኑ ነው። እየጠገነ ያለ ስብራት፣ ብግነት ያለበት መገጣጠሚያ፣ መግል የያዘ የጥርስ ሥር፣ በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ የሳንባ ኢንፌክሽን ሁሉ ይበራሉ፤ ነጭ የደም ህዋሳትን ለማብዛት የሚሰጠው መርፌም መቅኔውን በሙሉ ሊያበራው ስለሚችል፣ ይህን የማያውቅ አንባቢ በሽታው በአጥንት ሁሉ ተሰራጨ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ስህተቱ በሌላው አቅጣጫም ይመጣል። ስቴሮይድ ብርሃኑን ለጊዜው ሊያደበዝዘው፣ ከፍ ያለ የደም ስኳርም ምስሉን ሊያበላሸው ይችላል፤ ከታማሚዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት ደግሞ የማይሎማ ህዋሶቻቸው ኤፍዲጂን ይዞ የሚያስቀረው ኢንዛይም አነስተኛ ስለሆነ በሽታው እያለ ፔቱ ንጹሕ ይሆናል።

ምስሎቹን የሚያነበው ሬዲዮሎጂስት ይህን ሁሉ እያወቀ ስለሚጽፍ «ሊገለል አይችልም»፣ «ለአንድ ነገር የተለየ ምልክት አይደለም»፣ «ከታማሚው ሁኔታ ጋር ይገናዘብ» የሚሉ ሐረጎችን ይጠቀማል። እነዚህ ሐረጎች ምስሉ ብቻውን ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ እንዳለ ለማስታወቅ ለሐኪሙ የተጻፉ ናቸው፤ መጥፎ ዜናን ለማለዘብ የገቡ አይደሉም። የብርሃኑ ጥንካሬ የሚገለጸው ኤስዩቪ በተባለ ቁጥር ወይም ዶቪል በተባለው፣ በመጀመሪያ ለሊምፎማ በተዘጋጀው ባለ 5 ደረጃ መለኪያ ሲሆን፣ ከጉበት ብርሃን የማይበልጥ ቅሪት ከሕክምና በኋላ በአብዛኛው እንደ መልካም ውጤት ይቆጠራል። በአሜሪካ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥራ ላይ የዋሉት ደንቦች የምርመራ ውጤት ያለ መዘግየት ለታማሚው እንዲደርስ ስለሚያስገድዱ፣ ሪፖርቱ ሐኪሙ ሳይደውል ቤተሰቡ እጅ መግባቱ የተለመደ ሆኗል፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ግን ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ማብራሪያውን በልጆቹ አፍ ለመስማት አይገደድም።

የትዳር አጋር ድርሻ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው ምስሉ ብቻውን በማይመልሰው ጥያቄ ላይ ነው፤ ሬዲዮሎጂስቱ የሌለውን መረጃ የያዘው እሱ ወይም እሷ ነውና። ባለፈው ወር የነበረ መውደቅ፣ የተነቀለ ጥርስ፣ የቆየ ሳል፣ ነጭ የደም ህዋሳትን የሚያበዛው መርፌ የተሰጠበት ቀን፣ ሕመሙ የሚሰማበት ትክክለኛ ቦታ፣ እነዚህ ለሐኪሙ ሲነገሩ አንድ «ግልጽ ያልሆነ ነጥብ» ትርጉሙ ሊታወቅ ይችላል። ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ የደም ምርመራው ምን ይላል የሚለው ነው፤ የማይሎማ ህዋሳት የሚያመርቱት ኤም ፕሮቲንና ነጻ ቀላል ሰንሰለት የሚባሉት ፕሮቲኖች ዝቅ ብለው ከቆዩ አንድ ደብዛዛ ብርሃን የመፍራት ምክንያቱ ይቀንሳል፣ እየጨመሩ ከሄዱ ግን ያው ብርሃን ሌላ ክብደት ያገኛል። እነዚህን ፕሮቲኖች እጅግ ጥቂት ብቻ የሚያመርት ማይሎማ ያላቸው ታማሚዎች ደግሞ በሽታቸው በደም ምርመራ ሊለካ ስለማይችል በምስሉ ላይ የበለጠ ይደገፋሉ። አዲስ የእግር መድከም ወይም መደንዘዝ፣ ሽንትን አለመቆጣጠር ወይም ከባድ አዲስ የጀርባ ሕመም ሲመጣ ግን የሪፖርት ንባብ ይቆማል፤ በአከርካሪ ውስጥ ያለው ነርቭ እየተጨመቀ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል።

ጥርጣሬው ካልጠራ ሐኪሞች መቅኔውን በይበልጥ የሚያሳየውን ኤምአርአይ ያዝዛሉ፣ ከሚበራው ቦታ በመርፌ ናሙና ይወስዳሉ፣ ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ ምርመራውን ይደግማሉ። የመጨረሻው ለቤተሰብ የሚከብደው ነው፤ ነገር ግን አንድ ነጥብ እያደገ መሆኑን የሚነግረው ሁለተኛው ምስል ነው። ንጽጽሩ አስተማማኝ የሚሆነውም በአንድ ዓይነት መሣሪያና ኤፍዲጂው ከተሰጠ በኋላ በተመሳሳይ የጥበቃ ጊዜ፣ በተለምዶ በ60 ደቂቃ ገደማ፣ ሲነሣ ስለሆነ፣ ኤስዩቪ 4 የነበረው ቁጥር በሌላ ሆስፒታል 5 መሆኑ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሕክምናውን ከአንድ አገር ወይም ከተማ ወደ ሌላ የሚያዛውር ቤተሰብ፣ የተጻፈውን ሪፖርት ብቻ ሳይሆን ምስሎቹ ራሳቸው ያሉበትን ሲዲ ይዞ ቢሄድ አዲሱ ሬዲዮሎጂስት የሚያነጻጽርበት ያገኛል።