«ዛሬ ይቅር» ለማለት የከበደበት ጠዋት

ልጅዎ መድረክ ላይ ስትወጣ ስልክዎን አውጥተው ይቀርጹ ይሆናል። ቪዲዮውንም ለዘመድ አዝማድ ይልካሉ። በልጅ መኩራት ደግ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው ሲያይ፣ ቀን ሲቆረጥና ቃል ሲገባ፣ ወደ ኋላ መመለስ ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1996 የ7 ዓመቷ ጄሲካ ዱብሮፍ በባለ አንድ ሞተር ሴስና አውሮፕላን ከካሊፎርኒያ ተነሳች። አብረዋት አባቷና የበረራ አስተማሪዋ ነበሩ። እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዲደርስ ማስረዘሚያ ተገጥሞላታል። ዕቅዱ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ በዕድሜ ትንሿ አብራሪ እንድትባል ነበር። ጊነስ እንዲህ ያለውን የልጆች ክብረ ወሰን መመዝገብ ቀድሞ ቢያቆምም፣ ጋዜጠኞች ግን በየማረፊያው ይጠብቋት ነበር።

የመጀመሪያውን ሌሊት በዋዮሚንግ ግዛት፣ ሻያን ከተማ አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ዝናብ፣ ነጎድጓድና ኃይለኛ ነፋስ ነበር። ቢሆንም ተነሱ። አውሮፕላኗ ብዙም ሳትርቅ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ወደቀች፤ ሦስቱም ሞቱ።

ምን ተገኘ?

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው፣ አውሮፕላኗ ከተፈቀደላት በላይ 44 ኪሎ ገደማ ጭናለች። ሻያን እንደ አዲስ አበባችን ደጋ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ትበልጣለች። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩም የክንፉም አቅም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ማዕበሉ ሲጨመር ክንፎቹ አውሮፕላኗን መሸከም ተሳናቸው።

ቦርዱ ዋናው ጥፋት የበረራው ኃላፊ የነበረው አስተማሪ በዚያ አየር ለመነሳት መወሰኑ ነው ብሏል። ለውሳኔው አስተዋጽኦ ያደረገው ደግሞ የተጣበበው የጉዞ ፕሮግራም ነበር፤ ለፕሮግራሙ መጣበብም በከፊል ለመገናኛ ብዙኃን የተገባው ቃል ምክንያት ሆኗል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ ፈቃድ የሌለው ሰው ለክብረ ወሰን ሲባል መሪ እንዳይጨብጥ በሕግ ከለከለ።

ለእኛ ቤትስ?

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። አንዴ የተዋወቀን ቀን ማራዘም ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። ቤተሰብም እንዲሁ ነው። ለበዓል «እንመጣለን» ተብሏል፣ በጉ ታርዷል፣ እናት በር ላይ ቆመዋል። ስለዚህ በጭጋግና በዝናብ፣ መኪናው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ፣ ሌሊቱን እንነዳለን።

ከመንገድ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ «ካልተመቸን በማግስቱ እንደርሳለን» ብለው አስቀድመው ይናገሩ። ሁለተኛ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው «ዛሬ ይቅር» ካለ፣ ያለ ክርክርና ያለ ኩርፊያ እንደሚቀር ይስማሙ።

የ7 ዓመት ልጅ ሰማዩን አይታ «አንሄድም» ማለት አትችልም። ይህን የሚልላት ትልቅ ሰው ያስፈልጋታል።