ደረሰኙ ሲሞላ መዝገቡም እንዲሞላ

የደረሰኝ ጥራዝ በመሳቢያው የታጨቀ ነጋዴ መረጃ አልጎደለውም። የጎደለው መረጃውን የሚጠይቅበት መንገድ ነው። አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይታሰብ። በዓመቱ ውስጥ የተቆረጡት ደረሰኞች በሙሉ ከነካርቦን ቅጂያቸው በመደብሩ ይገኛሉ። ይሁንና ባለፈው በጋ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደወጣ፣ በዱቤ ፌሮ የወሰደው ኮንትራክተር ስንት ብር እንደቀረበት ሲጠየቅ፣ ጥራዝ በጥራዝ መገላበጥ ግድ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ይህ ገለጣ የሚጀመረው ኦዲተሩ ከደረሰ ወይም ባለዕዳው "ከፍያለሁ" ብሎ ከተከራከረ በኋላ ነው።

ኮምፒዩተር መግዛት ብቻውን ችግሩን አልፈታም። በብዙ ቢሮዎች የሚታየው አሠራር የትናንቱን ደረሰኝ በኤክሴል ከፍቶ፣ ስሙንና ዋጋውን ለውጦ ማተም ነው። ጸሐፊዋ በዚያው ስም ካስቀመጠችው የትናንቱ ይጠፋል። በሌላ ስም ካስቀመጠችው ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ በመቶ የሚቆጠሩ የተበታተኑ ፋይሎች ይከማቻሉ። ይህ እንግዲህ ውድ የጽሕፈት መኪና እንጂ ሌላ አይደለም።

መፍትሔው ቅጹን ከመረጃ ቋት ማለትም ከዳታቤዝ ጋር ማገናኘት ነው። የማይክሮሶፍት ኤክሴል 97 ለዚሁ የተሰናዳ መሣሪያ ነበረው። ባለቤቱ የደረሰኙን ቅጽ እንደ ናሙና ካዘጋጀ በኋላ፣ የትኛው ሳጥን የደንበኛ ስም፣ የትኛው ቀን፣ የትኛው ጠቅላላ ዋጋ እንደሆነ አንድ በአንድ ያመለክታል። ፕሮግራሙም በእነዚህ ስሞች ዓምዶች ያሉት ሌላ ፋይል ይፈጥራል። ከዚያ በኋላ ቅጹ ተሞልቶ በተቀመጠ ቁጥር፣ በመዝገቡ ላይ አዲስ መስመር ይጨመር እንደሆነ ይጠይቃል። ቅጹ ለደንበኛው ይታተማል፣ መስመሩ ለባለቤቱ ይቀራል።

መሣሪያው በኋለኞቹ እትሞች አብሮ መምጣቱ ቀርቷል። ሐሳቡ ግን አልቀረም። በአክሰስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥና ሠንጠረዡ ይቀድማል፣ ቅጹ ከእርሱ ይወጣል። የዛሬዎቹ የጉግልና የማይክሮሶፍት ፎርሞችም የተሞላውን መልስ በየመስመሩ ወደ ሠንጠረዥ ያስገባሉ። ኤክሴል ራሱ እስከ 32 ዓምድ የሚቀበል የመሙያ ቅጽ አለው። ቁልፉ ግን ከተለመደው ዝርዝር ውጪ ስለሆነ ፈልጎ ማውጣት ያሻል።

ዋናው ወጥመድ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ደረሰኝ ላይ አንድ ደንበኛ አለ፣ ዕቃው ግን ብዙ ነው። ቅጹ እንዳለ ወደ መዝገብ ከተገለበጠ "ዕቃ 1"፣ "ዕቃ 2"፣ "ዕቃ 3" የሚሉ ዓምዶች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ሲሚንቶው በአንዱ ደረሰኝ በመጀመሪያው፣ በሌላው በአራተኛው ዓምድ ይገኛል። የሲሚንቶን ሽያጭ በአንድ ጊዜ መደመር ያስቸግራል። ስለዚህ ሁለት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። አንዱ የደረሰኙን ቁጥር፣ ቀንና ደንበኛ ይይዛል። ሌላው እያንዳንዱን ዕቃ በየራሱ መስመር ይመዘግባል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የደረሰኙ ቁጥር ነው። በዚህ ረገድ አክሰስ ከኤክሴል ይሻላል፤ በቅጽ ውስጥ ሌላ ቅጽ መክተት ያስችላልና።

የአገራችን ነጋዴ ደግሞ የራሱ ፈተናዎች አሉበት። "ኃይሉ"፣ "ሀይሉ" እና "ሃይሉ" ለአንባቢ አንድ ሰው ናቸው፣ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ደንበኞች። የአንዱ ሰው ዕዳ በሦስት ቦታ ይከፋፈላል። ስለሆነም ስም ሳይሆን መለያ ቁጥር ይመዝገብ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካለ ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል። ቁጥሩ ሲጻፍ ሳጥኑ አስቀድሞ "ጽሑፍ" ካልተባለ ኤክሴል ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ይውጣቸዋል። የ09 ስልክም ይኸው ዕጣ ይደርሰዋል።

ቀንም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 30 በ30/2 ሲጻፍ፣ የካቲት 30 በፈረንጅ ስለሌለ ኤክሴል ቀን መሆኑን አይቀበልም። የከፋው ጳጉሜ ነው። ጳጉሜ 3 በ3/13 ሲጻፍ፣ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ኮምፒዩተር ማርች 13 አድርጎ በጸጥታ ይመዘግበዋል። ስሕተቱን የሚያሳይ ምልክት የለም። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ቢገቡ ጣጣው ይቀራል።

የቆዩ ፋይሎች ያሏቸው ድርጅቶች አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት አለባቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም የራሱ አቀማመጥ ስለነበረው፣ የዚያን ጊዜ መዝገብ ሳይለወጥ ወደ አዲሱ ቢገለበጥ የማይነበብ ጽሑፍ ይወጣል። አስቀድሞ በመለወጫ ፕሮግራም ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሕጋዊውን የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ አይተካም። መዝገቡ ባለቤቱ ለራሱ የሚይዘው ነው። ቅጹ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ከአሮጌው ጥራዝ አሥር ደረሰኞች፣ ብዙ ዕቃ ያለበት፣ በዱቤ የሄደና በጳጉሜ የተቆረጠ ጭምር ተመርጠው ይሞሉበት። ድምሩ በእጅ ከተደመረው ጋር ካልገጠመ ቅጹ ገና ይታረማል።