ወርቁ ሲጸና ሰዓቱ ለምን ከሰረ?

በጉለሌ፣ ዊንጌት አካባቢ ልጁን የሚድር ቤተሰብ ሐብልና ቀለበት ሲያስብ ለረዥም ዓመታት የሚያመራው ወደ ፒያሳ ነበር። ጥሎሹ ከወርቅ ቤት፣ የሙሽራው የእጅ ሰዓትም ብዙውን ጊዜ ከዚያው ሠፈር ይገዛ ነበር። ሁለቱ ንግዶች ጎረቤት ሆነው ቢያድጉም ዕጣቸው ግን አንድ አልሆነም። ወርቅ ቤቱ አብዮትን፣ ውርስንና የምንዛሪ ለውጥን አልፎ ዛሬም ገዢ አለው። ሰዓት ሠሪው በአንጻሩ ከባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ከመግጠም ብዙም የማያልፍ ሥራ ይዞ ቀርቷል። የልዩነቱ ምክንያት ገንዘቡን በጌጥ ለማስቀመጥ ለሚያስብ ሰው ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ገንዘብ የሚቀልጥበት ምድጃ

የአገራችን አንጥረኛ ጥሬ ዕቃ ገንዘቡ ራሱ ነበር። ጠገራ ብር በመባል የሚታወቀው የማሪያ ቴሬዛ ታለር 28 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ማለትም በአንዱ ጠገራ ውስጥ 23 ነጥብ 4 ግራም ያህል ብር አለ። መስቀል ወይም አልቦ የሚያሠራው ደንበኛ ጠገራውን ይዞ ይመጣል፣ አንጥረኛው ያቀልጠዋል፣ የሚከፈለውም የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም ከአንድ ጠገራ ክብደት ጋር እኩል ነበር። ስለሆነም ያው ሳንቲም በአንድ ጊዜ ሚዛንም፣ ጥሬ ዕቃም፣ መገበያያም ሆኖ አገልግሏል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ የጠገራው ገንዘብነት ቢሻርም ውስጡ ያለው ብር አልተሻረም፤ ብዙ ቤተሰብም ጠገራውን በሣጥን አኑሮ ቆይቷል።

ሙያው ግን ክብር አልነበረውም። ብረትና ብር የሚቀጠቅጠው ሰው ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት በዚሁ ሳቢያ ነው። የአገሬው አንጥረኛ ሲናቅ የውጭው ባለሙያ በቤተ መንግሥት በክብር ይስተናገድ ነበር። ከቁስጥንጥንያ የመጣው አርመናዊ ወርቅ ሠሪ ዲክራን ኤቤያን ለአፄ ዮሐንስ 4ኛም ለአፄ ምኒልክም ዘውድ ሠርቷል። አንድን ሙያ ሰድቦ ምርቱን ከሌላ በውድ መግዛት፣ በንግድ ሒሳብ ካየነው፣ ኪሳራ ነው።

"ሠሪ" የተባለው ጠጋኝ

በአማርኛ "ሰዓት ሠሪ" የምንለው በእርግጥ ሰዓት የሚጠግን ሰው ነው። የሚጠግነው ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው። የሰዓት ተፈላጊነት ያደገው የባቡር፣ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ሥርዓት ሲስፋፋ ነው። የአካባቢው መጠሪያ የሆነው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ሲጀምር የእጅ ሰዓት ማሰር የተማረ ሰው ምልክት ሆኖ ነበር። (የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌላው በስድስት ሰዓት መለየቱ ለነጋዴው ችግር አልፈጠረም፤ ገጹ ያው አሥራ ሁለት ስለሆነ አጭሩን ዘንግ ወደ ትይዩው ቁጥር ማዞር ይበቃል።)

የሚሞላው ሰዓት ለጠጋኙ ቋሚ ገቢ ነበር። ሞላው ኃይሉን ቀስ በቀስ ይለቃል፣ ጥቃቅን ጥርሶች ያንን ኃይል ያስተላልፋሉ፣ ሚዛኗ ጎማ በሴኮንድ ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ ትመታለች። ዘይቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚደርቅ ሰዓቱ ተፈትቶ መታጠብ አለበት። ደንበኛው ወደደም ጠላም ተመልሶ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1969 የጃፓኑ ሴይኮ አስትሮን የተባለውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ሲያቀርብ ይህ ሁሉ ተናጋ። ዛሬ በተለመደው የኳርትዝ ሰዓት ውስጥ ያለችው ክሪስታል በሴኮንድ 32 ሺህ 768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ኃይሏም ከባትሪ ነው። የመጀመሪያው አስትሮን ዋጋው የትንሽ መኪና ያህል ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ኳርትዝ ከሚሞላው ሰዓት በእጅጉ ረከሰ። በስዊዘርላንድ በሰዓት ሥራ ይተዳደሩ ከነበሩት 90 ሺህ ያህል ሠራተኞች በ15 ዓመት ውስጥ የቀሩት ሲሶ ያህሉ ናቸው። ማሳደሻው ከአዲሱ ሰዓት ዋጋ ሲበልጥ የአዲስ አበባው ጠጋኝም ደንበኛ አጣ። በ1991 ዓ.ም. የሞባይል ስልክ ሲገባ ደግሞ ሰዓት ለማወቅ ሰዓት ማሰር አስፈላጊ መሆኑ ቀረ።

ግራሙና እጁ

የወርቅ ነገር የተለየው እዚህ ላይ ነው። የሰዓት ዋጋ ያለው በሥራው ውስጥ ስለሆነ ሥራው ሲረክስ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። የጌጥ ዋጋ ግን ሁለት ነው፤ ግራሙና እጁ። ባለ 18 ካራት ጌጥ 75 በመቶ፣ ባለ 21 ካራት ደግሞ 87 ነጥብ 5 በመቶ ንጹሕ ወርቅ ነው። አሥር ግራም የሚመዝን ባለ 18 ካራት ሐብል የገዛ ሰው በእጁ ያለው ሰባት ግራም ተኩል ወርቅ ነው። መልሶ ሲሸጥ የሚታሰብለት ይኸው ሲሆን፣ ለጥልፉና ለፈርጡ ያወጣው የእጅ ዋጋ እዚያው ይቀራል። ለማጌጥ ለሚገዛ ይህ ጉዳት አይደለም፤ ለቁጠባ ለሚገዛ ግን ሥራው የበዛበት ጌጥ የማያዋጣ ግዢ ነው። ደረሰኙ ላይ ካራቱና ግራሙ ለየብቻ ካልተጻፈ ደግሞ ሻጩ በክርክሩ ይረታል።

ግራሙ ምን ያህል እንደሚያዋጣ በቅርቡ ታይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዓለም ገበያም አላረፈም፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አንድ ትሮይ አውንስ፣ ማለትም 31 ነጥብ 1 ግራም ወርቅ፣ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ተሽጧል። ወርቅ በብር ሲተመን ሁለቱም ጭማሪ ይባዛል።

ይህ ለወርቅ ቤቱ ግን ትርፍ ብቻ አይደለም። በሽያጭ ባገኘው ብር የሸጠውን ያህል ግራም መልሶ መተካት ካልቻለ ካፒታሉ ሳያውቀው ይሟሟል። በባህላዊ መንገድ የሚመረተው ወርቅ በሕግ የሚቀርበው በዋናነት ለብሔራዊ ባንክ በመሆኑ፣ ለመተኪያ ትልቁ ምንጭ ደንበኛ የሚያመጣው አሮጌ ጌጥ ነው። የዋጋ ንረት በበዛበት ጊዜ ደግሞ አሮጌውን ይዞ የሚመጣው ሰው ያንሳል፤ ሁሉም ነገ ይጨምራል ብሎ ይጠብቃልና።

ሌላው ጉዳይ ኪራይ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ በመንግሥትና በቀበሌ ቤቶች ውስጥ የቀሩ ነጋዴዎች ለአሠርት ዓመታት በዝቅተኛ ኪራይ ሠርተዋል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነጋዴዎች ሲነሱ ይህ ድጎማ ለተነሱት አበቃ። በአዲስ ሕንፃ በገበያ ዋጋ የሚከራይ ወርቅ ቤት ጭማሪውን በግራሙ ላይ መጫን አይችልም፤ የግራሙን ዋጋ ደንበኛው በስልኩ አይቶ ይመጣል። የሚቀረው የእጅ ዋጋው ነው።