ለሟች ማዘንና ለፍርድ መቆም

በኮልፌ ቀራንዮ በዓለም ባንክ ሰፈር፣ እንደ ሌላውም የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ፣ ሰው ሲሞት የእድር ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል። ለቀስተኛውም ሟቹ ከማን ወገን እንደ ነበረ ሳይጠይቅ ከቤተ ሰቡ ጋር ይቀመጣል። ይህ መልካም ልማድ የሚታወከው ሞቱ የፖለቲካ ሞት የሆነ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ አንዱ «ይበለው!» ሲል ሌላው «ግፍ ነው» ይላል።

ለዚህ ነገር ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ትልቅ ምሳሌ ነው። በዚያ ሌሊት ደርግ የቀድሞዎቹን ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድንና ልጅ እንዳልካቸው መኮንንን፣ እንዲሁም ራስ አሥራተ ካሣንና ሌሎች ሹማምንትን፣ ተራ ወታደሮችም ሳይቀሩ፣ ያለ ፍርድ አስረሸነ። ጄኔራል አማን ሚካኤል ዓንዶምም በዚያው ሌሊት በቤታቸው ተገደሉ። ሟቾቹ እስከ ዛሬ «ስድሳዎቹ» ይባላሉ።

ወሬው በራዲዮ በተሰማ ጊዜ የሕዝቡ ስሜት ተከፈለ። ደስ ያለው ወገን ያለ ምክንያት አልተደሰተም፤ የወሎ ረኃብ ተደብቆ ብዙ ሕዝብ ማለቁ ልቡን አቃጥሎት ነበር። ሌላው ወገን ደግሞ ለውጡ ያለ ደም ይፈጸማል የተባለውን ተስፋ አስታውሶ ደነገጠ። የሟቾቹ ቤተ ሰቦችም አስከሬን ሳይረከቡ ቀሩ።

ታዲያ እውነቱ ከማን ጋር ነበረ? ባለሥልጣኖቹን የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ጥይቱ ምርመራውን ቀደመው። በዳዩ በደሉ ሳይገለጥበት፣ ንጹሑም ንጽሕናው ሳይታወቅለት በአንድነት ተቀበሩ። በዚህም የተጎዱት ሟቾቹ ብቻ አይደሉም፤ በረኃብ ያለቀውም ሕዝብ ሊሰማለት የሚገባውን ፍርድ አጣ።

ተከልክሎ የነበረው ለቅሶ ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ አጽማቸው ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲያርፍ ተለቀሰ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ደግሞ ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ሌሎችንም የደርግ ባለሥልጣኖች ጥፋተኞች ናቸው ሲል ወሰነ። እነርሱ ግን ለስድሳዎቹ የነፈጉትን የመከራከር ዕድል አግኝተው ነበር።

እንግዲህ ዛሬ የምትማሩ፣ ነገም በወንበር የምትቀመጡ ወጣቶች ሁለቱን ነገሮች ለይታችሁ እንድታዩ ያስፈልጋል። ለሟች ማዘን ሥራውን ማጽደቅ አይደለም፤ ሥራውን መንቀፍም በአሟሟቱ መደሰትን አያስገድድም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ስለ ንብረት ነው፤ ነገሩ ስለ ሰው ነፍስ ሲሆን ምን ያህል ይብስ!