ለኮምፖስት የሚመሰክረው ፌጦ

ኮምፖስት ጠቆረ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም። ላዩ አፈር መስሎ ውስጡ ገና የሚብላላ ክምር ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ተክልን ይጎዳል፤ አሞኒያውና አሴቲክ አሲዱ ለጋ ሥር ያቃጥላሉ፣ ሥራቸውን ያልጨረሱት ረቂቅ ተሕዋስያንም ናይትሮጅኑን ከሰብሉ ጋር ይሻማሉ። ስለዚህ በአቃቂ ቃሊቲ ጎመንና ሰላጣ የሚተክል ሰው ኮምፖስቱን ማሳው ላይ ከመበተኑ በፊት ሊፈትነው ይገባል።

ፍተሻው በእጅና በአፍንጫ ይጀምራል። የደረሰ ኮምፖስት ዝናብ የነካው የጫካ አፈር ይሸታል። ሲብላላ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስ የነበረው ሙቀቱ በርዷል፤ ገልብጠው ውኃ ቢያጠጡትም ተመልሶ አይግልም። ጨብጠው ሲለቁት ቅርጽ ይይዛል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። እርጥቡን በፌስታል አስሮ ሦስት ቀን አቆይቶ መክፈትም ጥሩ ነው፤ ከገማ ወደ ክምሩ ይመለስ።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነው ግን ፌጦን ነው። ለሆድ ቁርጠት በየጓዳው የሚቀመጠው ይህ ዘር፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ ሙከራዎች የኮምፖስትን መድረስ የሚለኩበት ነው። ዘዴውን ዙኮኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 አስተዋወቁት። ፌጦ በጥቂት ቀን ይበቅላል፣ ለጎጂ ነገርም ቶሎ ይሸነፋል። ኮምፖስት የተዘፈዘፈበትን ውኃ አጥልሎ ሶፍት ላይ የተዘራውን ፌጦ ማጠጣት፣ ጎን ለጎንም ሌላውን በንጹሕ ውኃ ማብቀል ነው። በንጹሑ 10 ሲበቅሉ በኮምፖስቱ 9 ቢበቅሉ፣ የሥራቸውም ርዝመት የንጹሑን 90 በመቶ ቢያህል፣ ሁለቱ ተባዝተው 81 በመቶ ይሆናሉ። ከ80 በላይ ከሆነ ደርሷል፤ ከ50 በታች ከሆነ ለተክል መርዝ ነው።

አቃቂ ላይ ግን ፌጦም የማይመልሰው ጥያቄ አለ። በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለሙ አትክልቶችና በአፈራቸው ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ካድሚየም፣ እርሳስና ክሮሚየም ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። እንዲህ ያለ ብረት ክምሩ ውስጥ ከገባ አይበሰብስም። ክምሩ ሲብላላ ካርቦኑ ወደ አየር ይሄዳል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ብረቱ ግን እዚያው ይቀራል፤ በኪሎ ሲሰላማ እንዲያውም ይጨምራል። ፌጦው አምሮበት በቅሎም ብረቱ ቀስ በቀስ ወደ ጎመኑ ቅጠል ሊገባ ይችላል።

ከፋብሪካ ዝቃጭ ወይም ከወንዙ ደለል የተሠራ ኮምፖስት ቤተ ሙከራ ሳያየው ለሚበላ አትክልት አይዋል። ከጓዳ ልጣጭ፣ ከገለባና ከእበት የራስዎን ያዘጋጁ፤ ባትሪና ቀለም የተቀባ እንጨት አይግባበት።