ተሰብሮ የደረሰ ዕቃ ዕዳው የማን ነው?

ብሪታንያ ውስጥ በኢንተርኔት የታዘዘ ቴሌቪዥን ወይም ጠረጴዛ ተሰብሮ ሲደርስ፣ አንዳንድ ሻጮች «ከእኛ ሲወጣ ደህና ነበር፤ አመላላሹን ጠይቁ» ብለው ገንዘብ አንመልስም ይላሉ። ይህ መልስ ሕጋዊ መሠረት የለውም። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ዕቃው ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ የጉዳቱን ኃላፊነት በሻጩ ላይ ይጥላል። ተገቢም ነው፤ አመላላሹን የመረጠውም የተዋዋለውም ሻጩ ነውና። ገዢው የራሱን አጓጓዥ ካመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተሰብሮ የደረሰውን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል፤ ሻጩም መመለስ እንዳለበት ካመነ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። «በ48 ሰዓት ካላሳወቃችሁ አንቀበልም» የሚል የመደብር ደንብ ይህን መብት አይሽርም።

«ገዢው ራሱ ሰብሮት ቢሆንስ?» የሚለው የሻጮች ስጋት ከንቱ አይደለም፤ የሚያታልል ገዢ አለ። መፍትሔው ግን ማስረጃ ነው እንጂ ሁሉንም በጅምላ መከልከል አይደለም። በ30 ቀኑ ውስጥ ገንዘቡን የሚጠይቅ ሰው ጉድለቱ ዕቃው ሲደርስ የነበረ መሆኑን ማሳየት ስላለበት፣ ካርቶኑን ሳይጥል ፎቶ ቢያነሳ፣ ቅሬታውንም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ቢያቀርብ ይበጀዋል። ጥገና ወይም ቅያሪ ለሚጠይቅ ግን ሕጉ ለስድስት ወር የማስረዳቱን ሸክም ወደ ሻጩ ያዞራል። ሻጩ ጆሮ ዳባ ልበስ ቢል፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ የሆነ ዕቃ በክሬዲት ካርድ የገዛ ሰው ካርዱን የሰጠውን ባንክ መጠየቅ ይችላል፤ የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ ባንኩን ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። እንግሊዝኛው አስቸግሯችሁ ወይም ክርክር ጠልታችሁ ዝም ያላችሁ ወገኖች፣ ቀኑ ሳያልፍ ደብዳቤውን ጻፉ።